ምርቃቱ ላይ የሚቆመው ሲዲ

ጨመዳ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ያለችውን ጠባብ ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው የስልክ መሸፈኛዎቹን አውጥቶ በሩ ላይ መስቀል ነው። እንጀራው አሁን እሱ ነው፤ መሸፈኛና ቻርጀር ይሸጣል፣ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ይቀይራል፣ ሚሞሪ ላይ መዝሙር ይጭናል። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግን በከተማው ብቻ ሳይሆን በምዕራብ እስከ ጊምቢ፣ በሰሜን እስከ ኪራሙ ድረስ «ጨመዳ ቪዲዮ» ሲባል የማያውቅ አልነበረም። ልጁን የሚድር ሰው ድንኳን ሳይከራይ፣ በሬ ሳይገዛ በፊት መጥቶ ጨመዳን ቀን ያስይዘው ነበር።

የዲጋ ልጅ ነው። አባቱ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ልጃቸው መምህር እንዲሆንላቸው ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን ትምህርቱን እንደጨረሰ ነቀምቴ መጥቶ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠረ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ማጠብ ተማረ፣ ቆይቶም እንደምንም የራሱን የቪዲዮ ካሜራ ገዛ። ሲዲ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ ኮምፒውተር ያስገባው እሱ ነው። ከካሜራው ካሴት ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል፣ ይቆርጣል፣ ሙዚቃ ያስገባል፣ ከዚያ ባዶ ሲዲ ላይ ይጽፈዋል፤ በሙያው «በርን» ማድረግ ይሉታል። መጨረሻ ላይ ቀለበትና ጽጌረዳ የታተመበት ስቲከር ይለጥፍበታል። ሰዎች ያንን ሲዲ ከወርቅ እኩል በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያኖሩት ነበር።

ከዚያ ስልክ መጣ። ሠርገኛው ሁሉ በየኪሱ ካሜራ ያዘ፣ የሲዲ ማጫወቻው በየቤቱ አቧራ ጠጣ፣ ጨመዳም ካሜራውን ሸጦ ወደ መሸፈኛው ዞረ። በዚህ ብዙም አልከፋውም፤ ዘመን ነው ብሎ ተወው። የሚቆጭበት ሌላ ነገር እንዳለው ያወቀው በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ዘርፈሽ የምትባል ሴት ሱቁ በመጣች ጊዜ ነው።

ከምሳ በኋላ ነበር። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» አለች። እሱም በኦሮምኛ ደህና መሆኑን ነገራት። ከዚያ ወዲያ ያለውን በአማርኛ ቀጠለች፤ ጨመዳም ከአነጋገሯ የወሎ ሰው መሆኗን፣ እዚህም በሰፈራ ከመጡት ቤተሰብ እንደሆነች ገመተ። ዕድሜዋ ስልሳ አልሞላም፤ ፊቷ ግን ደክሟል።

«ጨመዳ ቪዲዮ የሚባሉት አንቱ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው።

ድሮ እንደነበረ፣ አሁን ግን ያንን ሥራ እንደተወው ነገራት። እሷ ግን ያንን የሰማች አልመሰለችም። ከዘንቢሏ የሕፃን ሹራብ አወጣች፤ ሹራቡን ስትገልጠው ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ ሲዲ ነበር። ቀለበቱና ጽጌረዳው ደብዝዟል፤ «የትርንጎ ሠርግ፣ ጥር 2003» የሚለው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ግን በደንብ ይነበባል።

ትርንጎ ልጇ ናት። ሠርጉም ኪራሙ፣ ደጃቸው ላይ የተደገሰ ነው። ዘርፈሽ ቀሪውን ታሪክ ረጋ ብላ፣ ብዙ ጊዜ እንደተናገረ ሰው ሆና ነገረችው። ባሏ ይመር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነበር። ኪራሙ ላይ ሰላም በጠፋ ጊዜ ሞተ። ቤቱም ከነዕቃው ተቃጠለ። እሷ በለበሰችው ልብስ ወጥታ ነቀምቴ ገባች፤ አሁን የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው። የይመር ፎቶ አንድም አልተረፈም፤ መታወቂያው እንኳ አብሮት ጠፍቷል። ይህች ሲዲ የተረፈችው ዲጋ ያለችው እህቷ ሠርጉን ለማየት ወስዳት ስለነበር ብቻ ነው። ትርንጎ አዲስ አበባ ሆና ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ልጁ አያቱን አላየም።

«ፊቱ ይመጣልኛል» አለች ዘርፈሽ። «ድምፁ ነው የጠፋኝ። ሌሊት ሌሊት አስባለሁ፣ እንዲህ ነበር የሚለኝ እላለሁ፣ ግን የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው።»

ሲዲውን ሦስት ቤት ሞክራዋለች። እህቷ ቤት ያለው ማጫወቻ ጭራሽ ማንበብ እምቢ አለ። ጎረቤት ያለው ይጀምርና ይቆራርጣል። አንድ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጥሩ ሄዶ ሄዶ ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ድሮም እዚያ ላይ ነበር የሚቆመው» አለችው። «ይመር ሊመርቅ አፉን ሲከፍት።»

ጨመዳ ይህን ሲሰማ ሰውየው ትዝ አለው።

በዚያ ዓመት ጥር ውስጥ ሰባት ሠርግ ቀርጿል። ሰባት ሠርግ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጠው በራሱ ሰዓት ልክ ስለሆነ የሦስት ሰዓት ሠርግ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ቆረጣው ደግሞ ሌላ ቀን ይበላል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ጨመዳ ሥራውን የሚያሳጥርበት መንገድ አበጀ። ሲዲውን በመጨረሻው ፍጥነት ይጽፋል፤ እየጻፈም በዚያው ኮምፒውተር የሌላውን ሠርግ ይቆርጣል። ተጽፎ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጥቂት አይቶ፣ ሙሽሮቹ ከታዩ፣ ስቲከሩን ለጥፎ ይሰጣል። እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ባዶ ሲዲውም በዘንግ ላይ ተደርድሮ መቶ መቶ ሆኖ የሚሸጠው ርካሽ ዓይነት ነበር፤ ስምም ሣጥንም የለውም።

ሰዎች እየተመለሱ «ይቆማል»፣ «ይዘላል»፣ «ምስሉ እንደ ጡብ ይሆናል» ማለት ጀመሩ። ጨመዳ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ማጫወቻችሁ ቆሽሿል፣ ሲዲውን የሚያነበውን መነጽር አስጠርጉት። አንዳንዴ እውነት ነበር። ብዙ ጊዜ ግን አልነበረም።

ይመር የመጣው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ረጅም ሰው፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከኪራሙ በጭነት መኪና ጋቢና ተጭኖ የመጣ። ሲዲውን ከኪሱ አውጥቶ በትሕትና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ልጄ፣ ሁሉም መልካም ነው፣ ሥራህም አምሯል፣ ብቻ ልጄን ስመርቅ ቀጥ ይልብኛል አለው። ጨመዳ ሲዲውን ሱቁ ውስጥ ባለው ማጫወቻ ከተተው፤ ቴሌቪዥኑ ወደ ራሱ ዞሮ፣ ድምፁም ተዘግቶ ነበርና ይመር አያየውም፣ አይሰማውም። በሪሞት ወደ ምርቃቱ አሳለፈው። ሙሽሪት ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ስትይዝ ታየች፣ ይመር እጁን ራሷ ላይ ጫነ፣ ምስሉም ቀጥ አለ። ጨመዳ አንድ ጊዜ መልሶ ሞከረው። እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ሌላ ሲዲ ቢከት ማጫወቻው በትክክል እንደሚሠራ ያውቃል፤ ጠዋት ሲያጫውትበት ነበር። ጥፋቱ የሲዲው እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም ነበር።

የሠርጉ ካሴት ያን ጊዜ ከጀርባው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እንደገና ገልብጦ፣ በዝግታ ጽፎ መስጠት ይችል ነበር። ግን ኮምፒውተሩ የሌላ ሰው ሠርግ ይዟል፤ ባለቤቶቹም ማታ ሊመጡ ነው። በዚያ ላይ አንዴ ጥፋቱ የእኔ ነው ካለ ሌሎቹም ሁሉ እንደሚመጡ ታየው። ሲዲውን አወጣና በጨርቅ ወልወል አድርጎ መለሰለት።

«እኔ ጋ ይሠራል፣ አባባ» አለው። «ማጫወቻዎ ነው። የእንጨት ጭስ መነጽሩን ይጋርደዋል።»

ይመር አላቅማማም። ቤታችን ጭስ ይበዛዋል፣ እውነትህን ነው አለ። አመስግኖ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨመዳ ባዶ ካሴት አጥቶ ያንን ካሴት ከመሳቢያው አወጣና ጊምቢ ላይ ሌላ ሠርግ ቀረጸበት።

ይህ ሁሉ ዘርፈሽ ፊቱ ቆማ ሳለች በአንድ ጊዜ መጣበት። ሊነግራት አልቻለም። ይልቅ ሲዲውን ትታው እንድትሄድ፣ በሦስተኛው ቀን እንድትመለስ ነገራት። ሲዲውን አገላብጣ አየችው፤ ከእጇ መለየት እንደከበዳት ያስታውቃል። በኋላ ሹራቡን ጭምር ሰጠችውና ሄደች።

ጨመዳ በሩን ገርበብ አድርጎ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ሲዲውን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጠበው፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር እያደረገ አደረቀው። እያዞሩ መጥረግ ጭረቱን እንደሚያባብስ ያውቃል። ጭረቱ ግን ጥቂት ነው፤ ሴትዮዋ እንደ ዓይኗ ይዛዋለች። ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ችግሩ ሌላ ነው። የስቲከሩ ሙጫ በጊዜ ብዛት አየር ይዞ አብጧል፣ ከሥሩ ያለው ብርማ ሽፋንም ሻይ እንደፈሰሰበት ወረቀት ደብዝዟል። ስቲከሩን ለመላጥ ጥፍሩን ዳር ላይ አሳረፈና ተወው። ከተላጠ ሽፋኑን ይዞት እንደሚነሣ፣ ከሽፋኑ ጋር ሠርጉም እንደሚሄድ ያውቃል። ያንን ስቲከር ለማሳመር ብሎ የለጠፈው እሱ ራሱ ነው።

የአሁኑ ላፕቶፑ ሲዲ የሚገባበት የለውም። ጓዳ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተሩን አወጣ። የሲዲ ማንበቢያው መሳቢያ አልከፈት ሲለው በመርፌ ቀዳዳውን ወግቶ አስከፈተው። አንድ የድሮ መዝሙር ሲዲ ሞከረ፤ ተጫወተ። የዘርፈሽን ሲያስገባ ግን ማሽኑ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዲስክ የለም አለው። ስቲከሩ ስላበጠ ሚዛኑን አስቶታል፤ ሲዞር ይንገዳገዳል።

በማግስቱ ወደ ቂርቆስ ሱቅ ሄደ። ቂርቆስ ከጉራጌ አገር ወጥቶ ነቀምቴ የከረመ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነው፤ ኦሮምኛውን ከአገሬው እኩል ይናገራል፣ ጨመዳንም ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ባዶ ሲዲ ለዓመታት የሸጠለት እሱ ነበር። ጨመዳ በዝግታ የሚያነብ፣ ጥሩ የውጭ ማንበቢያ እንደሚፈልግ ሲነግረው ቂርቆስ መደርደሪያው ላይ ወጥቶ ከአቧራ ውስጥ አንድ አውጥቶ አዋሰውና ሲዲውን ተቀብሎ ገለባብጦ አየው።

«ይሄ ያ የመቶው ነው» አለ።

«ነው።»

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጨሜ። ይሄ ለዘፈን ነው፣ ለሠርግ በሣጥኑ ያለውን ውሰድ ብዬህ ነበር።»

ጨመዳ ነግሮት እንደነበር አስታወሰ። ቂርቆስ ይህን ያለው ሊወቅሰው አልነበረም፤ ከድሮ ጨዋታቸው አንዱን እንዳነሣ ቆጥሮት ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ጨመዳ ግን መንገዱን ሁሉ ያንን ቃል ይዞት ሄደ። ሰባቱም ሠርግ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትም፣ በኋላም የመጡት፣ ስንት ቤት እንዲህ ያለ ሲዲ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ እያሰላሰለ ሱቁ ደረሰ።

ማንበቢያው ጥሩ ነበር። ጨመዳ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው። የተበላሸ ሲዲ ለመገልበጥ የተሠራ ፕሮግራም አለው፤ ማንበብ ያልቻለውን ቦታ ዘሎ ሌላውን ያወጣና ወደ ዘለለው ይመለሳል፣ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከኋላ እየመጣ ይሞክራል። ጨመዳ ሥራውን አስጀምሮ ተቀመጠ። ከመሃል ያለው፣ የሠርጉ መጀመሪያ፣ በሰላም ወጣ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው ቁጥር መጎተት ጀመረ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለቴም ካቆመበት ቀጠለ። ሁለተኛው ቀን እንዲሁ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፕሮግራሙ ከዚህ በላይ የሚወጣ እንደሌለ ነገረው።

ከፈተውና ከመጀመሪያው አየው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እስከ መጨረሻ ያላየውን የራሱን ሥራ አሁን ቁጭ ብሎ አየ። ኪራሙ ጥር ላይ እንደነበረችው ሆና መጣች፤ የበቆሎው ገለባ፣ ድንኳኑ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ተራ በተራ የሚዘፍኑት የሠፈር ልጃገረዶች። የሙሽራው ወገኖች ገቡ። ከዚያ ሙሽሪት ልትወጣ ስትል ወደ አባቷ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ይመር እጁን ራሷ ላይ ጫነ፣ ምስሉም ቀጥ አለ። ከዚያ አረንጓዴ ጡቦች፣ ከዚያ የይመር ግማሽ ፊት፣ ከዚያ እንደገና ጡብ። ድምፁ ጨርሶ የለም። ይህ ለአራት ደቂቃ ያህል ቆየና ሙሽሮቹ መኪና ሲገቡ ምስሉ ጠራ። በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ይመር ያለውን አንድ ቃል እንኳ ማውጣት አልተቻለም።

ጨመዳ በሌላ ፕሮግራም ሞከረ። ሲዲውን ለአንድ ሰዓት ከማንበቢያው አውጥቶ አቀዝቅዞ ሞከረ። የሚያውቀው ሁሉ አለቀ። ያኔ ነው ምናልባት ሌላ ቦታ ላይ ድምፁ ይኖር እንደሆነ ብሎ በጆሮ ማዳመጫ ከመጀመሪያው እንደገና ማዳመጥ የጀመረው።

ሠላሳኛው ደቂቃ አካባቢ የምሳው ቦታ ነው። ካሜራው በተቀመጡት እንግዶች ፊት ላይ ቀስ እያለ ያልፋል። ጨመዳ እንዲህ ባለው ቦታ ሁልጊዜ ድምፁን ቆርጦ ዘፈን ያስገባበት ነበር፤ ይሄን ግን ስለቸኮለ እንዳለ ትቶታል። በሰው ሁካታ መሃል፣ ካሜራው አጠገብ፣ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ተሰማ። ሰውየው አይታይም።

«አንት ልጅ፣ እስቲ ያንን ነገር አስቀምጥና እህል ቅመስ። ከጠዋት ጀምረህ ቆመሃል። ሆድህ ምን አጠፋ? ነይማ ዘርፌ፣ ለዚህ ልጅ ማዕድ አቅርቢለት።»

የይመር ድምፅ ነው። የሚናገረውም ለጨመዳ ነው።

ጨመዳ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መሸፈኛ ሊገዙ የመጡ ሁለት ልጃገረዶች በሩ ላይ ቆመው ጠርተውት ሳይሰማቸው ሲቀር ሄዱ።

ዘርፈሽ ከሰዓት በኋላ መጣች። ወንበር ሰጣት። መጀመሪያ የወጣውን ሊያሳያት፣ እውነቱን ከዚያ በኋላ ሊነግራት አስቦ ነበር። ፊቷን ሲያየው ግን ደስ ካላት በኋላ መናገሩ ሌላ ማታለል መስሎ ታየው።

«አዴ ዘርፈሽ፣ ከማሳየቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ» አላት። «ባለቤትዎ ያን ዓመት እዚህ መጥተው ነበር። ሲዲው ይቆማል ብለው። እኔ አየሁት፣ እኔም ጋ ቆመ። ጥፋቱ የሲዲው ነበር፤ የእኔ። ማጫወቻዎ ነው ብዬ ሸኘኋቸው። ካሴቱ ያን ጊዜ ነበረኝ። በኋላ ሌላ ቀረጽኩበት።»

ዘርፈሽ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

«ሁለተኛ ማጫወቻ ገዛ እኮ» አለች በመጨረሻ። «አዲስ። ቆርቆሮ ልንቀይርበት በያዝነው ብር። እሱም እዚያው ላይ ሲቆም የቤታችን ጭስ ነው አለ። እኔ ኩበት ስለማነድ ሁለት ቀን ተቆጣኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሊያይ በመጣ ቁጥር ምርቃቱ ሊደርስ ሲል ተነሥቶ መነጽሩን በጥጥ ይጠርግ ነበር። ጠርጎ ይከታል፣ ይቆማል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት እያለ እንግዳውን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።»

ጨመዳ ይህን አያውቅም ነበር። ብትጮኽበት፣ ብትረግመው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ያንን አላደረገችም። ይህን ተናግራ ወደ ኮምፒውተሩ በአገጯ አመለከተች።

«የወጣውን አሳየኝ» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው ነበር።

አሳያት። ሠርጉን ስታይ ፊቷ ብዙም አልተለወጠም፤ አልፎ አልፎ የሞተውን ሰው ስም፣ የሄደውን ሰው ስም እየጠራች ታመለክት ነበር። ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ጡቡን እስከ መጨረሻው አየችው፤ ግማሽ ፊቱ ብቅ ሲል በጣቷ ስክሪኑን ነካችው። ጨመዳ ከዚያ ወደ ምሳው መለሰውና ድምፁን ከፍ አደረገ።

ድምፁ ሲመጣ ዘርፈሽ ወደ በሩ ዞረች፣ ሰው የገባ መስሏት። ከዚያ ገባት። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ድገመው።»

ደገመው። አምስት ጊዜ ያህል ደጋገመው። በአምስተኛው ላይ እንባዋን ጠርጋ ወደ ጨመዳ ተመለሰች።

«አንተን ነው እኮ የሚለው» አለችው።

«አዎ።»

«በላህ ታዲያ?»

«አልበላሁም። ፀሐይዋ ሳትዞር ልቅረጽ ብዬ፣ በኋላ እበላለሁ አልኳቸው።»

«እኔ እኮ አቅርቤልህ ነበር» አለች ዘርፈሽ። «ሳህኑን ይዤ ፈለግኩህ።»

የወጣውን ሁሉ በሚሞሪ ሞላላት፤ የይመርን ድምፅ ብቻውን ቆርጦ ስልኳ ላይ ጫነላት። የስልክ ጥሪ ላድርግልዎ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ገበያ መሃል ሲጮኽ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ አይሆንም አለችው። ሲዲውን በሕፃኑ ሹራብ መልሳ ጠቀለለች። ጨመዳ ከእንግዲህ ምን ታደርግበታለች ብሎ አሰበ፤ አልጠየቃትም። እግዜር ይስጥልኝ ብላው ወጣች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ እሱም እንድትለው የሚያስገድድ ቃል አልተናገረም።

በዚያ ሳምንት ጨመዳ የድሮ የቀጠሮ ደብተሩን ፈልጎ አወጣ። በዚያ ጥር የቀረጻቸውን ሌሎቹን ስድስት ሠርጎች ባለቤቶች ስልክ ፈለገ፤ ብዙው ቁጥር አይሠራም። ሦስቱን አገኘ። ሲዲያቸው ካላቸው ሳይብስበት እንደሚገለብጥላቸው፣ ዋጋ እንደማይጠይቅ ነገራቸው። አንደኛው፣ ፉፋ የሚባል የጊምቢ ሰው፣ ሲዲው ድሮ ተሰብሮ መጣሉን ነገረው። ሁለተኛው ሲዲያችን እስካሁን በደንብ ይሠራል፣ ምን ሆነህ ነው የምትደውለው ብሎ ተጠራጠረው። ሦስተኛዋ ሙሽራ የነበረች ሴት ናት፤ ከባሏ ተፋትታለች፣ ሲዲው ላይሠራ እንደሚችል ስትሰማ ደስ አላት። ጨመዳም አብሯት ሳቀ፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን የሳቀበት ምክንያት ጠፋበት። ማንበቢያውን ለቂርቆስ አልመለሰም። ገዛውና ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ አልፎ አልፎ አሮጌ ሲዲ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ሲዲው የሚድን ከሆነ ያድነዋል፤ የማይድን ከሆነ፣ በተለይ የራሱ ሥራ ከሆነ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይደብቅ ይናገራል።

ሰኔ ላይ ዘርፈሽ ደወለች። አዲስ አበባ ልጇ ጋ ናት። የልጅ ልጇ የአያቱን ድምፅ እየሰማ «ሆድህ ምን አጠፋ» እያለ ቤቱን እንደሚዞር ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ኦቦ ጨመዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የደወልኩት። ሲመርቃት ፊት ለፊቱ የቆምከው አንተ ነህ። ትርንጎ አቀርቅራ ነበር፣ ልቅሶ ይዟት ምንም አልሰማችም። ምን ነበር ያላት? አንድ ቃል እንኳ ታስታውሳለህ?»

ጨመዳ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ያቺን ሰዓት ሙሉ በሙሉ ያስታውሳታል፤ ባትሪው እያለቀ እንደነበር፣ ፀሐይዋ በይመር ትከሻ በኩል መጥታ እንዳስቸገረችው፣ አንድ ሕፃን ካሜራው ፊት እየገባ እንዳበሳጨው። የጆሮ ማዳመጫውም ጆሮው ላይ ነበር። የይመርን ቃል ከሁሉ ሰው አጥርቶ የሰማው እሱ መሆን ነበረበት። አንዱም አልመጣለትም። አባት ልጁን ሲድር የሚለው ይታወቃል፤ ውለጂ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙቅ ብሎ ቢነግራት ታምነው ነበር፣ ምናልባትም ይመር ያለው ያንኑ ይሆን ነበር።

«አላስታውስም፣ አዴ ዘርፈሽ» አላት። «ብርሃኑን ነበር የማየው።»

ስልኩ ውስጥ የልጁ ጨዋታ ይሰማል።

«እኔም አልሰማሁትም» አለች። «ጓዳ ነበርኩ፤ ለሙሽራው ወገን እንጀራ እየቆጠርኩ። በኋላ በሲዲው አየዋለሁ ብዬ።»